እህቴን አቧራ ያስመሰልኩበት ሩጫ

ዛሬ ቢቸና ላይ ታናሽ እህቴ የሞጣዎቹን ሯጮች ቀድማ አንደኛ ወጣች። ፎቶ አንሺ ወንድሟ እኔ ግን አቧራ አንስቼ ተመለስኩ።

እንጀራዬ የሠርግ ፎቶ ነው። «ሙሽሮች፣ እንዳትንቀሳቀሱ!» ማለት ለምዶብኝ፣ የካሜራውን ፍጥነት ለሩጫ መጨመር እንዳለብኝ ዘነጋሁ። ለቆመ ሰው እንዳስተካከልኩት አነሳኋት።

ሜዳሊያዋን እንዳጠለቀች «እስቲ አሳየኝ!» እያለች መጣች። አየችው፤ እሷም ሌሎቹም ደብዝዘው አቧራ መስለዋል።

«ጋሼ፣ የቷ ነኝ?»

ጥርት ብላ የወጣችው መጨረሻ የገባችው የሞጣ ልጅ ብቻ ናት፤ ደክሟት በእርምጃ ነበር የገባችው። እሷማ ፎቶዋን ስታይ ደስታዋን አልቻለችውም።

«ስወዳደር የተነሳሁት ፎቶ ኖሮኝ አያውቅም፤ ላክልኝ!» አለችኝ። ላኩላት።

እህቴ እስካሁን አኩርፋለች። እናንተስ የማይደገም ነገር ከእጃችሁ አምልጧችሁ ያውቃል? ካስቀየማችሁት ሰው ጋር በምን እንደታረቃችሁም ጻፉልኝ።