የሙዚየሙ የቅቤ ተራ

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ አንድ የእንጨት ዕቃ አገላብጦ የጠራቢውን እጅ የሚለይ ሰው ከእኔ በቀር የለም። ለመመጻደቅ አይደለም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። የጥበብ ታሪክን የተማርሁት ከአሮጌ መጻሕፍትና ከየገበያው ነው። አንድ ጊዜ አዲሎ ላይ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አንዲት ሴት የያዘችውን ገበቴ አየሁና ጠራቢው በግራ እጁ ይሠራ እንደነበር ነገርኋት። "አባቴን ታውቀው ነበር እንዴ?" አለችኝ። አላውቀውም ነበር። ባለዲግሪዎች አመልክተው ሳለ የከተማችን ሙዚየም ዳይሬክተር የሆንሁት በዚህ ችሎታዬ ነው።

ሙዚየሙ ሲከፈት መደርደሪያው ባዶ ነበር። ሰው ዕቃውን ለቢሮ መስጠት ይፈራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሄድሁት ሀደሮ ወደተዳረችው ታላቅ እህቴ ነው። አባታችን ለሰርጓ የጠረበላት የወተት ዕቃ እሷ ጋ ነበር።

"ወስደህ መስታወት ውስጥ ልታስረው?" አለችኝ።

"ሰው ሁሉ እንዲያየው ነው፣ እትዬ።"

"ዕቃው ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ሙዚየምህ ላም አለው?"

ላም አልነበረውም፤ ዘዴውን ያገኘሁት ግን እኔ ነኝ። በእኛ አገር ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በየተራ ለአንዷ የሚሰጡበት ውጆ የሚባል ማኅበር አለ። ሙዚየሙ በእህቴ ውጆ አባል ይሁን አልሁ። መዋጮውን እህቴ ከራሷ ላም ልትከፍልለት ተስማማች፤ ዕቃውንም ሰጠችኝ።

"ቢሮ ቅቤ ሲበላ ዛሬ ሰማሁ!" አለች ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ።

"ሲበላማ ኖሯል። ተራ መጠበቁ ነው አዲሱ ነገር!" አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ የሙዚየሙ ተራ በደረሰ ቁጥር እህቴ ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በአውቶቡስ ትመጣለች። እኔ መናኸሪያ እጠብቃታለሁ። ወዛደሮቹ "ዳይሬክተር፣ ቅቤህ ደረሰች!" ይሉኛል። እሷ የሙዚየሙ ወለል ላይ ተቀምጣ ዕቃውን በመዳፏ ትቀባዋለች። ማንበብ ስለማትችል አንድ ቀን ከዕቃው ሥር ያኖርሁትን ካርድ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

"ጠራቢው አባታችን ነው ይላል።"

"እኔስ?"

"አንቺ ቀባሽው እንጂ አልጠረብሽውም።"

"እሺ፣ ፕሮፌሰር" አለችና መቀባቷን ቀጠለች።

ስብሰባ ተጠርቼ አዲስ አበባ በሄድሁበት ሰሞን እንግዶች ሙዚየሙን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። በእኛ ዘንድ እንግዳ በቆሸሸ ዕቃ አይቀበሉትም። በፕላስቲክ ዕቃ ያደጉት ሁለት ሠራተኞቼ የእህቴን ዕቃ አዩት፤ ጥቁር ነው፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና አጠቡት፤ ፀሐይ ላይም አሰጡት። ስመለስ ከአፉ እስከ መቀመጫው ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ብዙም ሳይቆይ የሙዚየሙ ተራ ደረሰ። መናኸሪያ ልነግራት አስቤ ነበር። ቅጠሉን አቅፋ ስትወርድ ሳያት ግን ስለ ከብቶቿ ጠየቅኋት። ስለ ሁሉም ነገር ማውራት የምችል ሰው፣ እስከ ሙዚየሙ በር ድረስ ስለ ከብት ብቻ አወራሁ።

ዕቃውን ብዙ አየችው።

"ማን አጠበው?"

"ለክብር ብለው ነው፣ እትዬ።"

"የሚታጠበው ሬሳ ነው" አለች። ከዚያ ተቀመጠችና ያመጣችውን ቅቤ በሙሉ በስንጥቁ ከንፈሮች ላይ ቀባችው። ሻይ ጠጪ ብላት እምቢ አለች።

በዚያው ክረምት ሞተች። ለቅሶው ሊበተን ሲል ከውጆው ሴቶች አንዷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ "የሙዚየሙን መዋጮ ማን ይከፍላል?" አለችኝ። ያኔ አለቀስሁ። እስከዚያ አላለቀስሁም ነበር።

ሌላ ሰው ስለማይናገርልኝ ያደረግሁትን ራሴ ልናገር። ባዶውን መደርደሪያ ሞልቻለሁ። የአካባቢያችንን ጠራቢዎች እጅ ለይቼ ጽፌአለሁ፤ ከእኔ በፊት የሞከረ የለም። የእንጨት ዕቃ ውሃ እንዳይነካው ደንብ አውጥቻለሁ። ስንጥቁን በጅማት ሰፍቼዋለሁ፤ ወተት ባይዝም ይቆማል። የውጆውን መዋጮ ቅቤ ከገበያ እየገዛሁ እከፍላለሁ፤ ተራችን ሲደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እኔው እቀባዋለሁ። ካርዱንም ለውጬዋለሁ፤ ከአባቴ ስም ሥር የእህቴን ስም ጽፌ "ዕድሜዋን ሙሉ ቀባችው" የሚል ጨምሬበታለሁ።