ፎሌ ላይ የምታፏጨው መኪና

መካነ ሰላም ውስጥ ከመነኻሪያው ወረድ ብሎ ያለው ጋራዥ ታፔላ የለውም። ሰው «ቢተው ዘንድ» ይለዋል፤ ይበቃዋል። ቢተው መኪና ከመፍታቱ በፊት ያዳምጣል። ሞተሩን አስነስቶ፣ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ማርሹ ያለበት ካምቢዮ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ዝም ይላል። የተበላው የማርሹ ጥርስ ይሁን ኩሽኔቱ፣ ሳይፈታ ይናገራል። የከላላ መንገድ የአይሱዙ ሾፌሮች በዚህ ጆሮ ይምሉ ነበር።

ሚስቱ ሉሊት ከአምስተኛ ክፍል አቋርጣ ነው ያገባችው። ጋራዡ ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጣ ብሎንና ጥርስ በናፍጣ ስታጥብ ኖራለች። እጇ ናፍጣ እንደሸተተ ልጆች አሳድጋ ወደ ዐረብ አገር ሸኝታለች። መካኒክነት ያስተማራት የለም። ቢተው ለሠራተኞቹ የሚለውን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሰምታዋለች። «ማርሽ ሳታስገባ፣ ፎሌ ላይ እያለች ካፏጨች፣ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ደግሞ ዝም ካለች፣ ሌላ አትፈልግ፤ የካምቢዮው ኩሽኔት ነው። ሳይሰበር ፍታው» ይላል።

ጆሮው መቼ መድከም እንደጀመረ እንጃ። ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ እያየ «ዛሬ አልተደወለም እንዴ?» ይል ጀመር። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭኑ ግን ጥሎት ሄዷል። ሉሊት አወቀች፤ አላነሳችበትም። እሱም አልነገራት። ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ማውራት ለመደች፣ ነገሩ በዚያው ታለፈ።

ከሳዑዲ የተመለሰው መሐሙድ ቀይዋን መኪና ይዞ የመጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። በጃንሆይ ዘመን የገባች፣ ደሴ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የኖረች፣ ባለሁለት በር የእሽቅድምድም መኪና ናት። ቅዳሜ ሠርጉ ነውና ሙሽራዋን ከከላላ የሚያመጣው በሷ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አገሩ አይቶ አያውቅምና ሰው ጋራዡን ሞላው።

«ይቺ መኪና ናት ጫማ?» አለ ሞላ የሚባለው የአይሱዙ ሾፌር። «ሁለት ሰውማ የአባቴ በቅሎም ትጭናለች።»

«በቅሏችሁ ሙሽራ ስታይ ትደነብራለች» አለ መሐሙድ፤ ሰው ሳቀ።

ከዚያ ሕመሟን ተናገረ። ማርሽ ሲገባ ትንጫጫለች፣ ስትቆምም ታፏጫለች አለ። ቢተው ካቻቢቴውን አነሳ። ሁሉም ዝም ሲል ሉሊት ከዱካዋ ሳትነሳ ፉጨቷን ሰማች፤ ቀጭን ናት፣ ውሃ ሊፈላ ሲል እንደሚያሰማው። ቢተው ፍሪሲዮኑን አስረገጠ፤ ፉጨቷ ጠፋች። አስለቀቀ፤ ተመለሰች። ራሱ ሲለው የኖረው፣ ቁርጥ እሱ ነበር።

ቢተው ዓይኑን ገልጦ ወደ ሉሊት ዞረ። ዝም በይ የሚላት መሰላት። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ባሏን ልታርም ነው? እንዲህ አላደገችም። አንገቷን ደፍታ ብሎኗን ማሸት ቀጠለች።

«ፍሪሲዮኗ ላልቷል» አለ ቢተው። አጠበቀው፤ ማርሹም ከበፊቱ ለስለስ ብሎ ገባ።

«ፉጨቷስ ጋሽ ቢተው?»

«አሮጊት አይደለች? ታንጎራጉር እንጂ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ማታ ልትነግረው አስባ ነበር። እሱ ግን ሲቀልድ፣ ሲደሰት አመሸ። ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል ብላ ተኛች።

ቅዳሜ መኪናዋ ሙሽራዋን ይዛ ከከላላ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ካምቢዮዋ ተሰንጥቆ ቀረች። ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለች። ሙሽራዋ የቀረውን መንገድ ገብስ በጫነው በሞላ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ጨረሰችው።

መኪናዋን ጎትተው አመጧት። ቢተው ካምቢዮውን ሲፈታ ኩሽኔቱ ደቅቆ፣ የማርሾቹ ጥርስ እንደተፈለፈለ በቆሎ ከዘይቱ ጋር ተንዶ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። ለሷ የሚሆን ዕቃ ደሴም አዲስ አበባም እንደማይገኝ ሁሉም ያውቃል። ሉሊት መሐሙድ ይጮኻል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«አብሽሩ ጋሽ ቢተው፣ ዕድሜ ነው የበላት» ብሎ ብቻ ሄደ። ለመኪናዋም አልተመለሰላት።

ሰው ሲበተን ቢተው ሳፋው አጠገብ እንደተቀመጠ ጠራት።

«ታፏጭ ነበር?»

«ታፏጭ ነበር።»

«ፍሪሲዮኑ ሲረገጥስ?»

«ዝም ትል ነበር።»

ጥርሶቹን በጣቱ ሲያገላብጥ ቆየ።

«ታዲያ ምነው ሉሊት?»

«ሰው ነበራ» አለችው።

«እኔ እኮ ዞሬ አየሁሽ» አለ። «ስንት ጊዜዬ ነው ፊትሽን እያየሁ ስሠራ። ፉጨት ስትሰሚ ቅንድብሽ ይሰበሰባል። ያን ቀን አቀረቀርሽብኝ።»

ለካ ይህን ያህል ዘመን አብረው ኖረው፣ እሱ ፊቷን እያየ ሲሰማ አላወቀችም ነበር።

አሁን ካምቢዮ የከፋበት ሾፌር ወደ ደሴ ይሄዳል። ቢተው ጎማ ይለጥፋል፣ ፍሬን ያስተካክላል። ካቻቢቴው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቀይዋ መኪና ጥግ ቆማ ዶሮ ያድርባታል። ሉሊት ዱካዋ ላይ ናት። ሽቅብ በሚሄደው መንገድ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ጆሮዋ ይከተለዋል፤ የትኛው ኩሽኔት እየተበላ እንደሆነ ታውቃለች። ቀና ብላ ቢተውን ታየዋለች፤ እሱ ጎማው ላይ አቀርቅሯል።