የእንግዳ ቤት ነው ብዬ የጻፍኩት

እጄን ይቁረጠው የሚያሰኝ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አውቃለሁ። ሌላው ሰው ጽሑፉ ካላማረ ያፍራል፤ የእኔ ግን አምሮ ነው ጉድ ያፈላው።

መምህርት ሆኜ ጅግጅጋ የተመደብኩት በ2011 ነው። ከተማ ውስጥ የሚስማማኝ ቤት አጥቼ ካራማራ ጥግ ካለ የተራራ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሰፈሩ ማረፊያ ነው። ጅቡቲ በሐጋ፣ በዚያ አናት በሚበሳው የሙቀት ወራቸው ስትነድ፣ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጆቹንና በሽተኞቹን ይዞ እኛ ጋ ይወጣል። ድሮ በባቡር አይሻንና አዲጋላን አልፈው ድሬዳዋ ይወርዱና ከዚያ በጭነት መኪና ይመጡ ነበር አሉ። ሁለት ወር የግመል ወተት ጠጥተው፣ ነፋስ ተቀብለው፣ ደረታቸው ተከፍቶ ይመለሳሉ። ሰፈሩም የሚኖረው በእነሱ ነው።

አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። እንደ አገሩ ወግ ኤዶ እላቸዋለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። እኔ "እርስዎ" ስላቸው እሳቸው "አንቺ መምህርት" ይሉኛል፤ አማርኛቸው ገበያ ላይ የተለቀመ ስለሆነ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም። "ሳቂ እንጂ! ኮሶ የጠጣሽ መሰልሽ እኮ!" ይሉኛል ጠዋት ጠዋት። ደህናውን ክፍል ለእንግዳ ትተው እሳቸው ጓዳ ያድራሉ። እዚያ ቤት ስድስት ልጅ ወልደዋል፤ ባላቸውንም የቀበሩት ከጓሮው ከፍ ብሎ ነው።

በኮሮና ጊዜ ድንበር ተዘጋና እንግዳ ቀረ። ከዚያ ድርቁ መጣ። ቀና አልን ስንል ደግሞ ከይዞታ ኮሚቴው ወረቀት መጣ፦ ተራራው ላይ ትልቅ ሎጅ ሊሠራ ነው፤ ነባር ባለይዞታ መሆኑን ያስረዳ ምትክ ቦታ ያገኛል፣ ያላስረዳ ባዶ እጁን ይነሳል። ካርታ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ታሪክ በጽሑፍ ይቅረብ ተባለ፤ ባለሎጁ ከአዲስ አበባ ስለሆነ በአማርኛ። ሥራው እኔ ላይ ወደቀ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ከቤት ቤት እየዞርኩ ጠየቅሁ። ሁሉም የሚያወሩኝ ስለ እንግዶቻቸው ብቻ ሆነ፤ የትኛው ቤተሰብ መቼ እንደመጣ፣ ማን ታሞ መጥቶ በእግሩ እንደተመለሰ፣ የማን ልጅ እዚህ እንደተወለደ። "ስለ እናንተስ?" አልኳቸው ኤዶን።

"ስለ እኛ ምን አለ? ቤቱ የእንግዳ ነው። እኛ ጠባቂ ነን።"

እንግዳ ተቀብሎ "ቤቴ" ማለት እዚያ ሰፈር ነውር ነው። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ፣ የኤዶ ቃል ስላማረኝ ብቻ፣ መክፈቻው ላይ እንዳለ አሰፈርኩት። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲተረጎምላቸው "ዎላሂ፣ እውነት ነው" ብለው ፈረሙ።

የኮሚቴው ጸሐፊ ከመጀመሪያው ገጽ አላለፈም። "ራሳቸው ጠባቂ ነን ብለዋል እኮ። ጠባቂ ምን ይዞታ አለው?" አለኝ። ወጋቸው ነው፣ ለአክብሮት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያልኩ ለመንኩት። በመጨረሻ፣ እያንዳንዱ ባለቤት ቀርቦ በቃሉ ያስረዳ ተባለ።

እኔ ሞኟ፣ ለኤዶ ምስክር ልጨምርላቸው ብዬ ተነሳሁ። ያን ሰሞን ክፍላቸው ያረፉት ሽማግሌ በእናታቸው እቅፍ ሆነው ጀምሮ ከጅቡቲ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። ከእሳቸው የተሻለ ማን ይመሰክራል? ይዣቸው ሄድኩና ከኤዶ ጎን አስቀመጥኳቸው።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ እየተነሱ፣ አንገታቸውን ደፍተውም ቢሆን፣ "ቤቱ የእኔ ነው" አሉ። የኤዶ ተራ ደረሰ።

"ቤቱ የማን ነው?" አለ ጸሐፊው።

ኤዶ እንግዳቸውን አዩ።

"ኤዶ፣ በእናትዎ ይናገሩ!" አልኩ።

"እሱ አጠገቤ ተቀምጦ?" አሉኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ "የእሱ ነው። እኔ ጠባቂ ነኝ" አሉ።

ሽማግሌው ብድግ ብለው በሶማልኛ ጮኹ፤ የእሷ ነው፣ እናቴን ያስታመመችው እሷ ናት፣ ከማልኩ አይበቃም ወይ አሉ። የውጭ ዜጋ ነዎት፣ ይቀመጡ ተባሉ። ኤዶ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ሌላው ሁሉ ምትክ ቦታ ሲያገኝ ኤዶ ብቻ ቀሩ። ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ፤ አንዴ በብዕሬ፣ አንዴ በምስክሬ።

መንገድ ላይ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። "ምን ሆንሽ? ያልኩትን ነው የጻፍሽው" ብለው አነሱኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቱን የሚያፈርሰው ማሽን የመጣ ጠዋት እንግዳው ወደ አገራቸው ሄደው ነበር። ኤዶ ግን በቀጥታ የገቡት እንግዳው ወደሚያርፉበት ክፍል ነው። ፍራሹን፣ አንሶላውን፣ የመስገጃ ምንጣፉን፣ ለስግደት የሚታጠቡበትን ማንቆርቆሪያ እያወጡ ደረደሩ። "የራስዎን ያውጡ እንጂ ኤዶ!" ብዬ ጮህኩ።

"የሰው ዕቃ ይቅደም" አሉኝና አንዱን ጫፍ አስያዙኝ።

የራሳቸው ጓዳ ጋ ስንደርስ ማሽኑ ቀድሞን ነበር።