የቃጫው ዛፍና የተቀጠለው ቀሚስ

ቤይሩት ሳለሁ የሰው ዛፍ ሳስጌጥ ነው የኖርኩት። ገናቸው ሲቃረብ እመቤቴ ትልቁን የፕላስቲክ ዛፍ ከካርቶኑ ታወጣና ሳሎን መሃል ገትራው «በይ እንግዲህ» ትለኛለች። ኳሱን የማንጠለጥለው፣ መብራቱን የምጠመጥመው፣ መሰላል ላይ ወጥቼ ኮከቡን የምሰካው እኔ ነኝ። የእነሱ ገና ከእኛ ስለሚቀድም እነሱ ሥጋ ሲቆርጡ እኔ ኩሽና ውስጥ የጾም ምስሬን እበላለሁ። አልደብቅም፣ ሥራውን እወደው ነበር። መሰላሉ ላይ ሆኜ ግን ሁልጊዜ የማስበው ሰቆጣ፣ እናቴ ዘንድ የተውኳትን ልጄን ነው። ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን እላለሁ።

ትቻት ስሄድ ገና ጡት የተወች ሕፃን ነበረች። አባቷ ሳትወለድ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራ ወርዶ እዚያው ሌላ ትዳር መሥርቷል፤ በእሱ ላይ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም። ስመለስ ሰባት ዓመቷን ይዛለች። በስልክ አያት ነበር፤ ግን እናቴ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ስለምትደቅንባት የማየው ፊቷን ብቻ ነው፣ አንዳንዴም ግንባሯን ብቻ። እግሯ የት እንደደረሰ፣ ትከሻዋ ምን ያህል እንደሰፋ ማን ያሳየኝ? ቀይ ቀሚስ ልገዛላት ገብቼ ሻጯ ቁመቷን ስትጠይቀኝ እጄን ከመሬት ከፍ አድርጌ «ይህን ታክላለች» አልኳት፣ በሙሉ ልብ።

ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ተቀረቀረ። እኔ ወደ ታች ስስብ፣ እሷ ውስጡ ስትንደፋደፍ፣ በመጨረሻ እናቴ ከላይ መዝዛ አወጣችላት። ልጄ ቀሚሱን በሥርዓት አጣጥፋ በሁለት እጇ መለሰችልኝ።

«የሕፃን ነው እትዬ። ጎረቤት ሕፃን አለች፣ ለእሷ ስጪያት።»

«እትዬ» የምትለው እኔን ነው። እናቴን «እማዬ» ትላታለች፤ እኔም «እማዬ» ስለምላት ቤቱ ውስጥ እህትማማቾች መስለን ቁጭ አልን። በአክብሮት ነው የምታርቀኝ፤ ብታለቅስብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፀጉርሽን ልሥራሽ ስላት «እማዬ ትሠራኛለች»፣ አጠገቤ ተኚ ስላት «እማዬን ይበርዳታል»። ለሁሉም መልስ አላት። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ገበያ ሄጄ ነበር መሰለኝ፣ ገና ሳልሰነብት ሆድ ይብሰኝ ጀመር።

በዚያው ሰሞን እመቤቴ ደወለች። በጥር ተመለሺ፣ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ አለችኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ምስር ትለቅም ነበር፤ ቀና ሳትል «ለልጅቷ አንቺው ንገሪያት፤ እኔ አልነግራትም» አለች። አልነገርኳትም። በልቤ ግን ቆረጥኩ። እስከ ገና አያለሁ፤ ከለመደችኝ እቀራለሁ፣ ካልለመደችኝ እሄዳለሁ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ከምቀመጥ ከሩቅ ግንባሯን እያየሁ ብሠራላት ይሻላል አልኩ።

ከቤይሩት ያመጣሁላት ታጣፊ የፕላስቲክ ዛፍ ከወልድያ እስከ ሰቆጣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጆንያ ተጭኖበት ነው የመጣው። ከካርቶኑ ሳወጣው ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል፤ እግሩም ተሰብሯል። ልጄ ዞር ዞር ብላ አየችው።

«መጥረጊያ ነው?»

«ዛፍ ነው! የገና ዛፍ!» ጮህኩ። ቀጥዬም ጥድ ቆርጠን እናምጣ አልኩ። በእኛ አካባቢ ለዓይን የሚሞላ ጥድ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ከጓዳ ሰማችኝ።

«የታቦቱን ጥድ? ቤይሩት ይህን ነው ያስተማሩሽ?»

ልጄ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ወሬ ጀመረች። «ዛፍ ከሆነ የፈለግሽው ከቤታችን ጀርባ አለ» አለችኝና ቀድማኝ ወጣች።

የወሰደችኝ ወደ ቃጫው ነው። ቃጫ ሲያረጅ ከመሃሉ ረጅም ዘንግ ያወጣል፤ ዘንጉ ወደ ጫፉ አካባቢ ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘረጋና አበባው ሲረግፍ ደርቆ ይቆማል። ዕድሜዬን ሙሉ በአጠገቡ አልፌ ገመድ ከመሆን በቀር ሌላ ነገር ይወጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ በማጭድ ገዘገዝኩት፣ እሷ ጫፉን ያዘች፣ ተሸክመን ገባን። ከሥሩ አሳጥረን ድንጋይ የሞላንበት ጣሳ ውስጥ አቆምነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ ወደ ዛፉ ነው የምትሮጠው። ወደ እኔ አልልም፤ ወደ ዛፉ ነው።

ቆርኪ ለቅመን በድንጋይ ጠፍጥፈን በምስማር በሳነው። ፈንዲሻ በመርፌና በክር ሰካን፤ አንዱን ስንሰካ ሁለቱን እንበላለን። ኮከቡን የሠራችው እሷ ናት። ከእናቴ የስፌት ዕቃ መሃል ቀይና አረንጓዴ የተነከረ አለላ መዝዛ፣ እንደ ትንሽ ሰፌድ እያዞረች ሰፍታ፣ ዙሪያውን አሾለችው። እኔም በበኩሌ የቃጫ ቅጠል ቀጥቅጬ ነጩን ጭረት አበጥሬ ክንዶቹን አለበስኳቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በረዶ ነው።»

«በረዶ ለምን ይሰቀላል? እህል አይደል እንዴ የሚያጠፋው?»

እዚያ አገር እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ቤት ውስጥ የተዘራ ገብስ ስለሌለ ፈቀደችልኝ።

በጎን የእኔ ምስጢር አለ። ቀዩን ቀሚስ ለጎረቤት ሕፃን መስጠት አልሆነልኝም። ስሄድ እናቴ ሳጥን ውስጥ የተውኩት ነጭ የአገር ልብስ ቀሚስ ነበረኝ፤ ከእሱ ጨርቅ ወስጄ ቀዩን ግራና ቀኙን፣ ከታችም ልቀጥለው አሰብኩ። ልኬት ግን ከየት ይምጣ? ሜትር ይዤ ብጠጋት ትሸሻለች፣ ምስጢሩም ይወጣል። አንድ ቀን የታጠበ ዩኒፎርሟ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። እግዜር ሰጠኝ ብዬ የቃጫ ክር አንስቼ ከትከሻ እስከ ጫፉ፣ ከብብት እስከ ብብት፣ የእጅጌውንም እየቋጠርኩ ለካሁ።

ገበያው ዳር ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሙስሊም አዛውንት ልብስ ሰፊ አሉ። ስፌት መኪናቸውን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።

«ጁምዓ ልሄድ ነው፤ እስክመለስ ያንቺው ነው። ክሩን ብቻ እንዳትጨርሺብኝ» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! የቤይሩት ባለሙያ ነኝ እኮ።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ» ብለው መስገጃቸውን ይዘው ወጡ።

ሲመለሱ ጨርሼ ነበር። መሃሉ ቀይ፣ ዙሪያው ነጭ፤ ስፌቱ እዚህም እዚያም ቢጠማዘዝም አማረልኝ። ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ ደበቅኩት።

በዓሉ ሊደርስ ሲል እናቴ ሙክት ፍየል ገዛች። ጅብ ፈርተን ቤት አስገባነውና ምሰሶው ላይ አሰርነው። ገመዱን የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ ከዛፉ እንደማይደርስ በዓይኔ ለክቼ። የእኔ ዓይን ምን ያህል እንደሚታመን ከቀሚሱ መማር ነበረብኝ።

ጠዋት ስንነሳ ፍየሉ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ፈንዲሻው የለም። በረዶዬ የለም። ኮከቡ ግማሹ አፉ ውስጥ ነው፤ አንዲት ቀይ አለላ ከከንፈሩ ጥግ ወጥታ እንደ ሲጋራ ትወዛወዛለች። እናቴ በኽምጣኛ ረገመችው፤ ስትናደድ አማርኛው አይበቃትም። እኔም መጥረጊያውን፣ ማለቴ የቤይሩት ዛፌን፣ አንስቼ ልለው ስል ልጄን አየኋት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አፏን በሁለት እጇ አፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ፍየሉ ምን እንደሆንን ግራ ገብቶት እያኘከ ያየናል። እኔም መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ አንዷ ስታቆም ሌላዋ ትጀምራለች። ከዚያ በፊት አብረን ስቀን አናውቅም ነበር።

ለፈንዲሻ የሚሆን በቆሎ አልተረፈም። መላ የፈጠረችው እሷ ናት። «በርበሬ እንስቀል እትዬ። በርበሬ አይበላም» አለች። የእናቴን ደረቅ ዛላ በርበሬ አወጣን፤ እናቴ «ከበዓል በኋላ አውርጄ አስፈጨዋለሁ» ብላ ፈቀደች። ቀዩ በርበሬ ከደረቁ ዘንግ ላይ ሲንጠለጠል፣ በመካከሉ ቆርኪው ብልጭ ሲል፣ ሳሎን ሙሉ መብራት የጠመጠምኩበት የእመቤቴ ዛፍ እንዲህ አምሮ አያውቅም። ስናስነጥስ ብንውልም።

የገና ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀሚሱን ዛፉ ሥር አኖርኩላት። ለበሰችው። ራሷ ገባ፣ ትከሻዋ ገባ፣ ሁሉ ነገሯ ገባ፤ ራሷም ውስጡ ጠፋች። እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል፤ ጫፉ ከጋዝጊብላ ደገኞች የገዛነውን ቄጤማ እየጠረገ ይከተላታል። እናቴ ማማሰያ እንደያዘች ብቅ አለች።

«ልኬቱን ከየት አመጣሽው?»

«ከዩኒፎርሟ።»

«አይ ልጄ! እሱን እኮ ለሁለት ዓመት ብዬ አስረዝሜ ነው ያሰፋሁት። እጅጌውን ጠቅልላ፣ ወገቡን በመቀነት ሰብስባ አይደል የምትለብሰው?»

በእኛ ከተማ በልኩ ዩኒፎርም የተሰፋለት ልጅ አይቼ አላውቅም። እኔ ራሴ ትምህርቴን የጨረስኩት በእጥፋት ውስጥ ነው። ቤይሩት አስረስታኝ ኖሯል። አንዱ ጠበበ፣ አንዱ ሰፋ፤ ይህችን ልጅ በልኳ የማውቅበት ቀን አይመጣም አልኩና እንባዬ መጣ።

«አውልቂው፣ ይቅር» አልኳት።

አላወለቀችም። የቀሚሱን ጫፍ ሰብስባ ይዛ ወደ ታች አየችው።

«ላድግበት ነው?»

«አዎ» አልኩ።

«ዩኒፎርሜ ለሁለት ዓመት ነው። ይሄስ?»

መሬት ላይ የሚጎተተውን ገመትኩ። «ይሄ ለሦስት ዓመት ነው።»

ዓይኗን ከቀሚሱ ሳትነቅል «ልክ ሲሆነኝ አንቺ እዚህ ነሽ?» አለችኝ።

የእናቴ ማማሰያ አየር ላይ ቀረ። ለካ፣ በኋላ ራሷ እንዳወራችልኝ፣ የጎረቤት ልጆች ነግረዋት ኖሯል፤ ከዓረብ አገር የሚመጡ እናቶች በዓል አብረው ውለው ተመልሰው ይሄዳሉ ብለዋት። ልጄ የሸሸችኝ ስላልወደደችኝ አልነበረም፤ ለምዳኝ እንዳልሄድባት ነው። እኔ ከለመደችኝ እቀራለሁ እያልኩ፣ እሷ ከቀረች እለምዳታለሁ እያለች፣ ዛፉን መካከላችን አቁመን ስንጠባበቅ ነው የከረምነው።

«እዚህ ነኝ» አልኳት። «እጥፉን በየዓመቱ የምፈታው እኔ ነኝ።»

«በይ እንግዲህ እጠፊው» አለችና መጥታ ጉልበቶቼ መሃል ቆመች።

ጫፉን ሦስት ጊዜ አጥፌ በእጄ ሰፋሁት። በበዓል ቀን ቤቷ ውስጥ መርፌ አስነስታ የማታውቀው እናቴ ጀርባዋን አዙራ ወጧን ማማሰል ጀመረች። መርፌው እንዳይወጋት ጨርቁን ከእግሯ አርቄ እይዛለሁ። ልጄ እንዳትወድቅ አንድ እጇን ራሴ ላይ አሳርፋለች፤ ለመደገፍ ብላ ነው፣ አውቃለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልብስ ሰፊው ወሬውን ሲሰሙ ሱቃቸው እስኪያስተጋባ ሳቁ። «ዩኒፎርሙን የሰፋሁት እኔ! ሳትጠይቂኝ?» አሉ። እመቤቴም በጥር ደወለች፤ አልመጣም ስላት ተቆጥታ «ታዲያ ለሚመጣው ገና ዛፉን ማን ሊያስጌጥልኝ ነው?» አለች። ፍየል ግዢ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገና ሲመጣ የቃጫ ዘንግ እናቆማለን፤ ፍየሉን ጓዳ እናስረዋለን። ሁለቱ እጥፍ ተፈትቷል። ዘንድሮ፣ በዓሉ ሳይገባ ሦስተኛውን ልፈታ ስቀመጥ ሳልጠራት መጥታ ጉልበቶቼ መሃል ቆመች። አሁን ብቆም ትከሻዬ ላይ ትደርሳለች። ክሩን መተርተር ስጀምር እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ይሄ ካለቀ በኋላስ?»

ተነስቼ ሳጥኑን ከፈትኩና ከነጩ ቀሚሴ የተረፈውን ጨርቅ አውጥቼ እግሯ ሥር ዘረጋሁላት። ተንበርክካ በስንዝር ለካችው፣ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ ተነሳች።

«ብዙ ዓመት ይወጣዋል» አለችና በርበሬ ልትሰካ ሄደች።