የአቶ እንድሪስ ጀርባ

በነርስነት ከሚሴ በተመደብኩ ሰሞን ነው። አቶ እንድሪስ የሚባሉ የጨፋ ሮቢት ገበሬ፣ ጀርባቸው ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ እያደገች አሳስባቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘሃራ ጋር መጡ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር እንዲህ ያለችውን ነጥብ «ማርያም የሳመችው» ነው የምንላት።

«ይሄ ማርያም የሳመችዎት አላማረኝም» አልኩ ጀርባቸው ላይ አጎንብሼ። «ጠርዙ ወጣ ገባ ነው፤ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ቀልቷል። ደሴ ሄደው ይታዩ። ለመሆኑ ማርያም ከሳመችዎት ስንት ዓመት ሆነ?»

ወይዘሮ ዘሃራ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«መርየም? ጎረቤታችን መርየም?»

ላስረዳ አፌን ስከፍት አቶ እንድሪስ ቀደሙኝ።

«ወላሂ ዘሃራ፣ እሷ የሳመችኝ ጀርባዬን አይደለም!»