የእትዬ ሥርጉት እግር ሐርቡ ነው

እትዬ ሥርጉት የሙታንን ትንሣኤ የምታስበው ሌላው ሰው የልጁን ሠርግ እንደሚያስበው ነው። ማን ከየት እንደሚነሣ፣ ማን ማንን ቆሞ እንደሚጠብቅ ሳይቀር ታስባለች። አክስቴ ናት፤ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አብረን እንኖራለን። ጉልበት ሳላት ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ ኖራለች። እዚያ አጠገቧ ቆማ የምትሠራው ሳፊያ ነበረች፤ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለችው የሐርቡ ሰው። አንዷ ስትጾም ሌላዋ ምሳዋን ተደብቃ ነበር የምትበላው። ሳፊያ ከሞተች በኋላ ልጇ ሰይድ እትዬን እናቱ አድርጓት ቀረ።

አምና ስኳሯ ባሰና ግራ እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። እኔ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ፤ ነርሷ የተቆረጠውን ጠቅልላ የሰጠችው በር ላይ ለቆመው ለሰይድ ነው። በእኛ ወግ የተቆረጠ አካል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይቀበራል፤ ባለቤቱም ቀኑ ሲደርስ እዚያው ይከተለዋል። አገር ያወቀው ነገር ነው ብለን ማናችንም ለሰይድ አልነገርነውም። እትዬ ቤት እንደገባች፣ "እግሬን የት አኖርክልኝ?" አለችው።

"አብሽሩ እትዬ!" አለ ደረቱን ነፍቶ። "በአዲስ አቡጀዲ ከፍኜ ሐርቡ እናቴ ጎን ነው ያሳረፍኩት። ለራሴ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ የት አለኝ?"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እትዬ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ወርዶ ሰፈሩን ሲውጠው ጋደም ትልና ያንኑ ሕልም ታያለች። መለከት ይነፋል። መድኃኔ ዓለም ግቢ ያሉት መቃብሮች ቀስ ብለው ይከፈታሉ፤ የምታውቃቸው ሁሉ ነጭ ለብሰው ብርሃን ወዳለበት ሽቅብ ይጓዛሉ። እሷ ብቻ በአንድ እግሯ እየነጠረች ቁልቁል ትወርዳለች። የሐረጎን ቁልቁለት ታልፋለች፤ አይደክማትም። ጭጋጉ ይሞቃል። ኮምቦልቻ ስትደርስ የፋብሪካው ማሽኖች ድምፅ ሳያሰሙ ይሠራሉ፤ ነጩ ጨርቅ በበሩ ወጥቶ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ጨርቁን ተከትላ ሐርቡ ልትገባ ስትል ትነቃለች።

"ጎዶሎ ሆኜ ነው ወይ ጌታዬ ፊት የምቆመው?" እያለች ታለቅሳለች። ያኔ አንጀቴን በላችው፤ በመሳቄም ተናደድኩ።

የነፍስ አባቷ መጥተው፣ "ልጄ፣ ከአፈር የሠራሽ አምላክ አፈርሽ የት እንዳለ አይጠፋውም" አሏት።

"ለእርሱማ አይጠፋውም አባቴ፤ የሚርቀው ለእኔ ነው" አለቻቸው።

ሰይድ ይህን ሲሰማ መሬት ብትውጠው ወደደ። "ወላሂ አውጥቼ አመጣልዎታለሁ!" ብሎ የሐርቡን ሽማግሌዎች አስፈቀደ። አንድ ማለዳ ሦስታችን በሚኒባስ ወረድን። ጭጋጉ ላይ ቀረ፤ ታች ፀሐዩ ለስላሳ ነበር፤ ሁሉ ነገር ዝም ብሏል። እትዬን ወንበር ላይ አስቀመጥናት። የሳፊያ መቃብር ላይ ሣር በቅሏል። ከጎኑ ዙሪያዋን ድንጋይ የተደረደረባት ትንሽ ጉብታ አለች። ሰይድ በየጊዜው እየመጣ አረሟን ሲነቅል እንደኖረ ያስታውቃል።

አካፋውን ሲያነሣ እትዬ፣ "ቆይ" አለች። ዓይኗን ከአንዱ መቃብር ወደ ሌላው አመላለሰች።

"ሰይዶ፣ እናትህ ያን ቀን የምትነሣው ከዚህ ነው?"

"ኢንሻአላህ፣ ከዚሁ ነው።"

"እኔ ደግሞ ከደሴ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል እንዴት አድርጌ ላገኛት ኖሯል?"

ሰይድ አካፋውን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

"አትንካው ልጄ" አለች። "ያን ቀን እግሬን ልወስድ መጣሁ ብዬ አያታለሁ።"