ድንበር የሌለበት የጎልፍ ካርታ

አገሩን የሚለቅ ሰው በሌሊት ነው የሚወጣው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ የወጣሁት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ እያየኝ። ጥቁር ለብሼ «ፍቼ ለቅሶ አለብኝ» አልኩ። ስህተቴ ይሄ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «ብቻሽን ለቅሶ ልትሄጂ? እኛ ሞተናል እንዴ?» ብለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አውቶቡስ ላይ ተከትለውኝ ወጡ። ፍቼ ስንደርስ ምን ላድርግ፣ ድንኳን የተተከለበት ቤት ፈልጌ ገባሁ። ለማላውቀው ሰው ደረቴን መታሁ፣ ንፍሮውንም በላሁ። እትዬ ዘነበች የሟቹን ባለቤት ሲያጽናኑ በጓሮ ወጥቼ ወደ መተማ የሚሄድ መኪና ያዝኩ። ለቅሶው ግን የእውነቴን ነበር። ታናሽ ወንድሜን ዳዊትን ሳልሰናበተው ነው የወጣሁት፤ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ ትምህርት ቤት ነበር።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ ስለሰማችሁ እሱን እዘለዋለሁ። ሮም መጀመሪያ ስደተኞች የሰፈሩበት ሕንፃ፣ ሰላም ፓላስ ገባሁ፣ ዘጠኝ ሆነን በአንድ ክፍል። ከዚያ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ተከራየሁ። ፔርሜሶ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ጥገኝነት የሚሰጠው ኮሚሲዮኔ ፊት ሁለት ጊዜ ቀርቤ የደረሰብኝን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ በመጀመሪያው አላመኑኝም። አሁን ባዳንቴ ነኝ፤ ሽማግሌ እጠብቃለሁ። እዚህ አገር ሽማግሌ የሚጠበቀው በደመወዝ ነው፤ ይህን መልመድ ከብርዱ ይከብዳል።

የምጠብቃቸው ሲኞር አልዶ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። አንድ ሕልም ቀርቷቸዋል፤ አየርላንድ ሄደው ጎልፍ መጫወት። ጎልፍ ማለት ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ መትቶ፣ ግማሽ ቀን ፈልጎ፣ ሲያገኟት ደግሞ አርቆ መምታት ነው። ኩሽናቸው ግድግዳ ላይ የአየርላንድ ካርታ ለጥፈዋል። የታወቀ ሜዳ ባለበት ሁሉ ትንሽ ባንዲራ አለ። እኔ ሽንኩርት ስከትፍ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ቤልፋስት የምትል ጽሑፍ። ዳዊት እዚያ ነው። በራሱ መንገድ ተሰዶ እዚያ ደርሶ ወረቀት እየጠበቀ ነው፤ ወረቀቱ ሳይመጣ ከዚያ አገር ንቅንቅ ማለት አይችልም። ካየሁት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

ታዲያ የሲኞር አልዶ ልጅ «አባዬ፣ ያለ ትዕግሥት አንድ እርምጃ አትሄድም» ስትላቸው፣ ትዕግሥት ማለት እኔ ነኝና፣ በደስታ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ቪዛ ያስፈልገኛል፤ ለቪዛው ደግሞ ቃለ መጠይቅ አለ። ወዲያው ሰላም ፓላስ ወደ ጋሽ በላቸው በረርኩ። ጋሽ በላቸው ሰውን ለኮሚሲዮኔ የሚያዘጋጁ አዛውንት ናቸው፤ እሳቸው ጋ ኬዙን፣ የስደት ታሪኩን፣ ሳያጠና የሚቀርብ የለም።

«ጎልፍ?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «አሎራ፣ እንግዲህ ኬዝ ኬዝ ነው። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ሳትደናቀፊ ትነግሪያቸዋለሽ። ወንድም የሚባል እንዳታነሺ። ልትቀሪ ነው ይላሉ።»

«እሺ ጋሼ። መጀመሪያ ባሊበንየን የሚባለው ሜዳ። ጨዋታው ሲጀመር በስተቀኝ መካነ መቃብር አለ።»

«እዚያ ላይ ድምፅሽ ይቆረጥ።»

«ጋሼ፣ ለጨዋታ እኮ ነው የምሄደው።»

«መቃብር እያየ የማያዝን ሰው ማን ያምናል?»

ሁለት ሳምንት አጠናሁ። ላሂንች የሚባለው ሜዳ ፍየሎች አሉት፤ ወደ ተጫዋቾቹ ማረፊያ ቤት ከተጠጉ ዝናብ ይመጣል ማለት ነው። እዚያው ደግሞ ኳሷ የምትገባበት፣ ከኮረብታ ጀርባ የተደበቀ ጉድጓድ አለ። አይታይም፤ አንድ ነጭ ድንጋይ ብቻ አቅጣጫውን ያሳያል፣ ድንጋዩን አምነሽ ትመቺያለሽ። ኪንሴል ያለው በገደል ላይ ነው፣ ዙሪያው ባሕር። የመጨረሻው ሰሜን ላይ ፖርትራሽ። ከዚያ ቤልፋስት በባቡር ቅርብ ነው፤ እሱን ጮክ ብዬ አላጠናሁም።

አየርላንድ ኤምባሲ ጠያቂዬ ቀይ ጺም ያለው ሰው ነበር።

«ለምንድን ነው የሚሄዱት?» አለኝ።

ጀመርኩ። መቃብሩ ጋ ስደርስ ድምፄ የእውነት ተቆረጠ፤ ፍቼ ትዝ አለችኝ። ሰውዬው ሶፍት አቀበለኝ። ፍየሎቹን፣ ነጩን ድንጋይ፣ ገደሉን ሁሉ ነገርኩት።

«እርስዎ ይጫወታሉ?»

«አልጫወትም፤ ቦርሳ ነው የምሸከመው።»

«እኔ ሃያ ዓመት ተጫውቻለሁ፤ እንደዚህ አላውቀውም» አለና እስክሪብቶውን አነሳ። «ፖርትራሽን ግን ይሰርዙት። የኛ ቪዛ እዚያ አይሠራም። ብሪታንያ ነው።»

«አንድ ደሴት ነው እኮ! ካርታው ላይ መስመር የለበትም።»

«ምን ካርታ?»

«የጎልፍ።»

«አዎ» አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ። «በጎልፍ አንድ ናቸው።»

«ቤልፋስትስ?»

«እሱም ብሪታንያ ነው። ሌላ ቪዛ ነው፤ ሳምንታት ይወስዳል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፤ እኛ አገር ዘመድ አለዎት?»

ይህን ጥያቄ ነበር ስፈራው የከረምኩት። «የለኝም» ማለትን መስታወት ፊት ስለማመድ ነበር። አሁን የለኝም ስል እውነቴን ሆነ። ልዋሽ ሄጄ የምዋሸው አጣሁ። ቪዛውን መታልኝ፤ እኔም አመስግኜ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጉዞው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ለሌላ ቪዛ አይበቃም። ለሲኞር አልዶ ወንድም እንዳለኝ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ነገርኳቸው። ሾርባቸውን ትተው ካርታው ፊት ቆሙ። በእርሳስ ከላይ ወደ ታች ሲፈልጉ ቆዩና አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። ግሪንካስል ትባላለች። ከድንበሩ ወዲህ ናት። የጎልፍ ሜዳዋ ባሕር ዳር ነው፤ ከፊቷ ጠባብ ውሃ አለ፣ ማዶው ዳዊት ያለበት አገር ነው።

«የጎልፍ መጽሐፌ ውስጥ ግን የለችም» አሉ ቅር ብሏቸው። «ከሮም ድረስ እሷን ልጫወት ብሎ የሚሄድ ሰው የለም።»

«ይተዉት ሲኞር አልዶ። የእርስዎ ጉዞ ነው።»

ቀናቱን በጣታቸው ቆጠሩ። አልበቃ አለ፤ ደገሙት፣ ያው። ከዚያ የላሂንችን ባንዲራ ነቀሉ። በየምሽቱ ስለ ፍየሎቿ የሚያወሩልኝን ላሂንችን። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አሉ፣ «ፍየል ሮምም አይጠፋም» ብለው ወደ ሾርባቸው ተመለሱ። ሮም ውስጥ ፍየል አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ በርበሬ ገዝቼ ስጨርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለዳዊት ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። 

«እዚያ ጋ ጀልባ አለ» አለኝ። «ሩብ ሰዓት አይሞላም አሉ። ማንም አይጠይቅም ይላሉ። ልሻገር?»

«ብትያዝ ኬዝህ ይበላሻል።»

«ትዕጌ፣ ሰሃራን ተሻግሬ…»

«አውቃለሁ። ሰሃራን ተሻግረሃል፣ ሊቢያን ተሻግረሃል፣ ባሕሩን ተሻግረሃል። የሩብ ሰዓት ጀልባ እንዳትሳፈር በእማዬ ሞት።»

 አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው የነበረው የዳዊት ድምፅ ይሄ አይደለም፤ ወፍሯል። እኔ ሳልኖር የወፈረ ድምፅ።

«እሺ፣ በወዲህ በኩል ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ እቆማለሁ» አለ። «በምን አውቅሻለሁ?»

«ነጭ ጸጉር ያለው ሽማግሌ ኳስ ሲፈልግ ታያለህ። ከኋላው ቦርሳ የተሸከመችው እኔ ነኝ።»

«እኔን እንዳታጪኝ። ረዝሜያለሁ፤ ጺም አለኝ።»

«ከዚያ ማዶ ጺም አይታይም ዳዊት።»

«እጄን አነሳለኋ።»

«አንድ እጅ ብቻ ካነሳህ ሰላም የሚል መንገደኛ ትመስለኛለህ» አልኩት። «ሁለቱንም አንሳ።»